የእድሩ መነጽርና የእኔ ልጓም

እኔ አላንኮራፋም። ይህን ቃል ለሃያ ስድስት ዓመት ያለ አንዳች ሃፍረት ስናገር ኖሬያለሁ። ማስረጃዬም የዋዛ አልነበረም፤ አንድም ቀን ራሴን ሰምቼው አላውቅም። ባለቤቴ አስካለ ስትከሰኝ በጎረቤት አሳብባለሁ። ልጃችን ህሊና በስልኳ ቀድታ ስታሰማኝ ደግሞ፣ ይሄማ ወፍጮ ቤት ሄደሽ የቀዳሽው ነው ብዬ ሽምጥጥ አድርጌ ካድኩ። ከእኛ ግቢ እስከ ታችኛው አስፋልት ድረስ አንድም ወፍጮ ቤት እንደሌለ ሦስታችንም እናውቃለን።

እንዲያውም በቤታችን ውስጥ እንቅልፋም ተብላ የምትታወቀው አስካለ ነበረች። ከግቢያችን በር ጋር የተያያዘች ትንሽ ሱቅ አለቻት። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ዳቦ፣ ሻማ፣ የስልክ ካርድ፣ ብቻ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ዳገት ላይ ለሚኖር ሰው የሚያስፈልገው ሁሉ አይጠፋም። ታዲያ ከሰዓት በኋላ ብቅ ብትሉ ባለሱቋ ሚዛኑን ተደግፋ ስታንቀላፋ ታገኟታላችሁ። እኔም ከሥራ ስመለስ ለአላፊ አግዳሚው "ሚስቴ እንቅልፍ ነው የምትሸጠው" እያልኩ አሾፍባት ነበር። ይቺን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ የምታሳፍረኝ እሷ ናት።

እኔን ያጋለጠኝ ለቅሶ ነው። የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነኝ። ወረዳ መዝገብ ቤት ስለምሠራ እጅ ጽሕፈቱ አይታማም ብለው መረጡኝ፤ ከዚያ ወዲህ የሚያወርደኝ ሰው ጠፋ። እድራችን የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ነው፤ ንብረቱም የሁሉም ነው። አንድ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበሮች፣ ትልልቅ ብረት ድስቶች፣ የቆርቆሮ ኩባያዎችና አንድ የንባብ መነጽር አለን። አትሳቁ፤ መነጽሩ በንብረት መዝገብ ላይ የሰፈረ ነው። አንድ የቀድሞ ሰብሳቢ ትተውልን ነው ያረፉት። ደብዳቤ የሚያነብም፣ ቃለ ጉባኤ የሚጽፍም እሱን ያደርጋል፤ ከአፍንጫ ወደ አፍንጫ ሲዞር ይውላል። እኔ ሳደርገው ፊደሎቹ አብጠው አንዱ በሌላው ላይ ይወጣሉ። ግን አንድም ቀን ለእኔ ዓይን አልተሠራም ብዬ አላውቅም። የእድር ነዋ።

እና አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለቅሶ ተቀምጠናል። ምሳ ተበልቷል፣ ድንኳኑ ሞቋል፣ እኔ ምሰሶውን አቅፌያለሁ። የማስታውሰው ዓይኔን ለአፍታ ማሳረፌን ብቻ ነው፤ የቀረውን ከሰው ነው የሰማሁት። መጀመሪያ ሰው ሁሉ አሸዋ የጫነ መኪና ዳገቱን የሚወጣ መስሎት ነበር አሉ። መኪናው ግን አላልፍ አለ። ድምፁ እያየለ ሲሄድ ሐዘንተኛዋ እንኳ ለቅሶዋን ገታ አድርጋ ዞር ብላ አየችኝ። ከዚያ ድንገት ጸጥ አልኩ። ትንፋሼ የለም። ድንኳን ሙሉ ሰው የራሱን ትንፋሽ ይዞ የእኔን ይጠብቃል። የእድሩ ንብረት ያዥ ጋሽ ሸምሱ ጎንበስ ብሎ ጣቱን አፍንጫዬ ሥር ሲያስጠጋ፣ ከውኃ ውስጥ ብቅ እንዳለ ሰው አየር ስቤ ብድግ አልኩ። አንዲት ሴት ጮኸች፤ አጠገቤ የነበሩት ተበተኑ፤ ያቀፍኩት ምሰሶም አብሮኝ ተነሣና ድንኳኑ በአንድ ጎኑ ተደፋ።

ጋሽ ሸምሱ ጎረቤቴ ነው፤ መኝታ ቤቶቻችንን የሚለየው አንድ ግድግዳ ነው። ከስልጤ በወጣትነቱ መጥቶ እዚሁ ሰፈር ልብስ ሲሰፋ ያረጀ ቅን ሰው ነው። በኋላ ሳስጨንቀው እውነቱን አወጣ፤ ያን ጊዜ ጸጥ ስል፣ ድንኳኑን ባናፈርሰው ይሻላል ብሎ በልቡ አስቦ ነበር። አልተቀየምኩትም። ንብረት ያዥ እንዲህ ነው ማሰብ ያለበት።

አስካለ ከሴቶቹ ጋር ማዶ ተቀምጣ ሁሉንም አይታለች። ማታ ቤት ስንገባ ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅሁ። አልጮኸችም። አስካለ ስትቆጣ ነው የምትጮኸው፤ ስትወስን ዝም ትላለች። ትራሷንና ጋቢዋን አንሥታ ወደ ህሊና ክፍል ሄደች። በሩ ላይ ቆማ፣ ታክመህ እስክትድን ድረስ አብሬህ አልተኛም አለችኝና ዘጋችው።

እኔ ደግሞ ተቀየምኩ። ሃያ ስድስት ዓመት የቻለችው ድምፅ ዛሬ ምን ተጨመረበት? በሰው ፊት ስላዋረድኳት ነው አልኩና ኮራሁ። ኩራቴ ሦስት ቀን ቆየ። በአራተኛው ቀን ናፈቀችኝ። ከአንድ ትሪ እየበላን፣ አንድ ጣሪያ ሥር እያደርን ናፈቀችኝ። በዚህ ዕድሜ እንዲህ ያለ ነገር ለሰው አይወራም፤ ለእናንተ ግን ምን ይደበቃል። አስካለን ወደ አልጋዋ መመለስ አለብኝ አልኩ። ከዚያ በኋላ የሠራሁት ሞኝነት ሁሉ ለዚሁ ነው።

በእኛ ሰፈር ሐኪም ያልሆነ ሰው ማግኘት ከባድ ነው። አንዷ ፌጦ በማር አዘዘችልኝ። ሌላዋ ነጭ ሽንኩርት ትራስ ሥር አለች፤ አድርጌው ሌሊቱን ሙሉ ወጥ ሳልም አደርኩ። ጋሽ ሸምሱ ደግሞ ጠላትህ በጀርባ መተኛት ነው ብሎ ካልሲ በካልሲ ጠቅልሎ ኳስ ሠራና በፒጃማዬ ጀርባ ላይ በገዛ እጁ ሰፋልኝ። ሻኛ አብቅዬ ተኛሁ። ኳሱ በጎኔ አስተኝቶኛል፤ ሐሰት አልናገርም። ድምፄ ግን ትንሽ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ጠዋት ጋሽ ሸምሱ በአጥሩ ላይ አንገቱን ብቅ አድርጎ "ዛሬ ይሻላል" ይለኛል፤ አስካለ ግን ከህሊና ክፍል ንቅንቅ አላለችም።

የንስሐ አባቴ ያሉት እንጦጦ ነው። አንድ ማለዳ ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ወስጄ፣ ጠበል ልጠጣ፣ ምክርም ልቀበል ብዬ በእግሬ ወጣሁ። ዳገቱ አጋማሽ ላይ አንድ የባሕር ዛፍ ጉቶ አየሁና አረፍ ልበል አልኩ። ስነቃ የባሕር ዛፍ ቅጠል ከቁመታቸው በላይ የተሸከሙ ሦስት ሴቶች ከበውኝ ቆመዋል። አንዷ ሰክሮ ነው ትላለች፤ ሁለተኛዋ ሞቷል ትላለች፤ ሦስተኛዋ ሬሳ አያንኮራፋም ብላ ፈረደች። ይቺ ፈራጇ ሸክሟን ሳታወርድ ከላይ እስከ ታች አየችኝና፣ እኛ ይህን ተሸክመን ካልተኛን፣ አንተን ባዶ እጅህን ምን አደከመህ አለችኝ። ልብሴን አራግፌ ዳገቱን ቀጠልኩ።

አባ የነገርኳቸውን ሁሉ ሰሙ። ቀን ቀን ያንቀላፋሃል ወይ አሉኝ፤ አዎን አልኩ። ሲነጋ ራስህን ያምሃል ወይ፣ አፍህስ ይደርቃል ወይ አሉ፤ አዎን። ይህ ሁሉ ዕውቀት ከጸሎት የመጣ መስሎኝ እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል፣ "እኔንም ይሄው ነው የያዘኝ" አሉ። ሐኪም ያዘዘላቸው ማሽን አለ፤ ማታ ማታ ጭንብሉን አፍንጫቸው ላይ አስረው አየር እየነፋላቸው ነው የሚተኙት። ጠበሉን ጠጣ፣ ነገ ግን ሐኪም ቤት ሂድ ብለው አዘዙኝ። መብራት ሲጠፋስ ምን ያደርጋሉ ብዬ ጠየቅኋቸው።

"ተነሥቼ እጸልያለሁ" አሉኝ።

ህሊና ክሊኒክ ወሰደችኝ። እሷ ነገሩን ከስልኳ አንብባ ጨርሳ ስሊፕ አፕኒያ፣ በእንቅልፍ ትንፋሽ የሚቋረጥበት በሽታ ነው ብላ ፈርዳለች፤ ሐኪሙ ፊርማ ለማኖር ያህል ነው የቀረው። አንድ ሌሊት ደረቴን በቀበቶ፣ ጣቴን በመቆንጠጫ፣ አፍንጫዬን በቀጭን ቱቦ አስረው አስተኙኝ። በማግስቱ ሐኪሙ ወረቀት ዘረጋ። መስመሩ ወጣ ወረድ ይልና ዝርግ ይላል፤ ከዚያ ደግሞ ይዘላል። ይህ ዝርጉ ምንድን ነው ስለው፣ እዚህ ጋ አልተነፈሱም አለኝ። እዚህስ? እዚህም። ስተኛ የጉሮሮዬ ሥጋ ላልቶ መተንፈሻዬን ይዘጋል፤ አንጎሌ ይደነግጥና ይቀሰቅሰኛል፤ እኔ ሳላውቀው ደግሞ እተኛለሁ። ሌሊቱን ሙሉ የማድረው እየተኛሁ ሳይሆን እየነቃሁ ነው ማለት ነው። መዝገብ ቤት ጠረጴዛዬ ላይ ለስንት ዓመት ያንቀላፋሁት በስንፍና አለመሆኑን በወረቀት አስጽፌ ለአለቃዬ ባቀርብ ደስ ባለኝ።

ክብደት ቀንስ አለኝ፤ በጀርባህ አትተኛ አለኝ። ጋሽ ሸምሱ ይህን ከሰማ በኋላ ሳምንቱን ሙሉ ዶክተር በሉኝ ሲል ከረመ። ለሕክምናው ሁለት መንገድ ቀረበልኝ። አንዱ የአባ ማሽን ነው፤ ጠንካራው እሱ ነው። የእኔ ግን መካከለኛ ስለሆነ በጥርስ መሣሪያም ሊሠራ ይችላል ተባልኩ። በእኛ ሰፈር ደመና ሲያንዣብብ ነው መብራት የሚሄደው። የጸሎት አቅሜን ስለማውቅ ጥርሱን መረጥኩ።

የጥርስ ሐኪሟ ወጣት ናት፤ እጇ ቀላል፣ አነጋገሯ ለስላሳ። ጥርሶቼን አንድ በአንድ በብረት እየነካካች፣ የሚንቀሳቀስ የለም፣ የቀሩት ይበቃሉ አለች። ልኬ ሲወሰድ ሊጥ የመሰለ ነገር በብረት ሳህን ሞልታ አፌ ውስጥ ከተተችና እስኪደርቅ በአፍንጫዎ ይተንፍሱ አለችኝ። እኔ የመጣሁት መተንፈስ አቅቶኝ መሆኑን ለመንገር ሞከርኩ፤ አፌ ሞልቶ ስለነበር የተናገርኩት በዓይኔ ነው። እሷም ጎበዝ ነዎት እያለች ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ። አፍን ከፍቶ ምንም አለመናገርን በወረዳ ስብሰባ ለምጄዋለሁና አለፍኩት።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ መሣሪያው ደረሰ። አንዱ የላይ ጥርስ ላይ፣ አንዱ የታች ጥርስ ላይ የሚገጠም፣ ጎንና ጎኑ ላይ ጥቃቅን ብሎን ያለው ሮዝ ነገር ነው። በትንሽ ቁልፍ ብሎኑን ሲያዞሩት የታችኛው መንጋጋ ቀስ በቀስ ወደፊት ይሳባል፤ ምላስም አብሮ ይመጣል፤ መተንፈሻው ይከፈታል። ማስጠንቀቂያዋን ደጋግማ ነገረችኝ። መጀመሪያ ላይ ምራቅ ይበዛል። ጠዋት ሲያወልቁት ጥርስዎ ለጥቂት ሰዓት አይገጥምም፤ አይደንግጡ፣ ቀስ ብሎ ይመለሳል። በቀዝቃዛ ውኃ ይጠቡት፤ ሙቅ ውኃ እንዳይነካው። የተሠራው ለእርስዎ አፍ ብቻ ነው። ሁሉንም ራሴን እየነቀነቅሁ ሰማሁ። እድሩንም ጠርታ ብትነግር ኖሮ እንዴት ጥሩ ነበር።

አስካለ ከሳጥኑ አውጥታ ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ አየችውና "ልጓም ነው" አለች። በማግስቱ ሰፈሩ ሁሉ ልጓም አለው።

የልጓሙ ሌሊት ደኅና ነው። ጉዱ ጠዋቱ ነው። ሌሊቱን ወደፊት ተስቦ ያደረው መንጋጋዬ ሲነጋ አልመለስ ይላል። የታች ጥርሴ ከላይኛው ቀድሞ ይወጣል፤ መስተዋት ሳይ ጠብ የሚፈልግ ሰው አፍጥጦ ያየኛል። በዚህ ፊት መሥሪያ ቤት ገባሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቀና ብሎ አይቶኝ የማያውቀው ዘበኛ ብድግ ብሎ ቆመ። ፋይሌ ጠፋ ብሎ በየሳምንቱ የሚጮህብኝ ባለጉዳይ፣ ነገ ይመለሱ ስለው "እሺ ጌታዬ" ብሎ ወደ ኋላው እየሄደ ወጣ። አለቃዬ ሳይቀር በር ላይ አስቁሞኝ፣ የሰማኸው ሹመት አለ እንዴ ብሎ በለሆሳስ ጠየቀኝ። ምራቄ እንዳይፈስ አፌን ገጥሜ ዝም ስለው ይበልጥ ተጠራጠረ። አራት ሰዓት ሲሆን ግን ጥርሶቼ ይገናኛሉ፤ ፊቴ ይመለሳል፤ ዘበኛውም ይቀመጣል። እስከ አራት ሰዓት ባለሥልጣን፣ ከዚያ በኋላ መዝገብ ቤት ሆኜ ከረምኩ።

ዋናው ነገር ድምፁ ጠፋ። ህሊና በስልኳ ብትቀዳ ዝናቡ ብቻ ተሰማ። ራስ ምታቱ ተወኝ፤ ታክሲ ውስጥ ሳላንቀላፋ ቤቴ መድረስ ጀመርኩ። አስካለ ግን ቸኩላ አታውቅም። አንድ ወር ልየው አለች። ወሩ ሲያልቅ፣ ሐሙስ ዕለት ሽሮ እየመዘነች፣ እሑድ ማታ እመለሳለሁ አለችኝ። ደንበኛ ፊት ስለነበርን ደስታዬን ዋጥኩት። አንሶላውን ራሴ አጠብኩ፤ ቅዳሜ ጸጉሬን ተቆረጥኩ። እንደ ሙሽራ ነው ያደረገኝ።

በግድግዳው ማዶ ግን ሌላ ነገር ይፈላ ነበር። ለካስ ጋሽ ሸምሱም ያንኮራፋል። ስንት ዓመት የእኔ ድምፅ የእሱን ሸፍኖለት ኖሯል። እኔ ዝም ስል እሱ ተጋለጠ፤ ባለቤቱም እንደ ጎረቤትህ ሁን ብላ ያዘችው። ይህ ወሬ ሲዛመት ደግሞ በየቤቱ ያለ አንኮራፊ ሁሉ ሚስቱ ተነሣችበት። ነገሩ በእሑድ ጠዋት የእድር ስብሰባ "ልዩ ልዩ" በሚለው አጀንዳ ሥር ቀረበ። ጋሽ ሸምሱ ተነሥቶ፣ ይህ ልጓም የሚሉት ነገር እንደ ድንኳኑና እንደ ድስቱ የእድር ንብረት ይሁን፤ ችግር ያለበት አባል በፊርማ እየወሰደ በተራ ይጠቀምበት አለ። አዳራሹ አጨበጨበ።

እኔ ጸሐፊው እጄን አወጣሁ። ለእኔ ጥርስ ተለክቶ የተሠራ ነው፤ ለሌላ ሰው አይገጥምም አልኩ። ከኋላ አንዱ "አፍ አፍ ነው" አለ። ሰብሳቢው ግን አስተዋይ ሰው ናቸው፤ ጉሮሯቸውን ጠርገው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ።

"ይሄ ያደረግኸው መነጽርስ ለማን ዓይን ተለክቶ ነው የተሠራው?"

እውነትም የእድሩን መነጽር አድርጌ ቃለ ጉባኤ እየጻፍኩ ነበር። አወለቅኩት፤ ሳወልቀው ደግሞ የጻፍኩት አልታይ አለኝና መልሼ አደረግሁት። ሕዝቡ እንደተረታሁ አወቀ። መጀመሪያ ኮሚቴው በዓይኑ ይየው፣ ከዚያ ተመሳሳዩ ይገዛ ተብሎ ተወሰነ፤ አምጣው ተባልኩ። እንቢ ማለት እችል ነበር። ግን ልዋሻችሁ አልፈልግም፤ ደስ ብሎኝ ሮጬ ነው ያመጣሁት። መዝገብ ቤት ያረጀ ሰው አዲስ ነገር ይዞ ሰው መሐል የሚቆምበት ቀን ብዙ አይደለም።

ልጓሙ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። አንዱ በጥፍሩ አንኳኳው፤ ሌላው ከንፈሩ ላይ ለካው፤ አንዲት እናት አዩትና ለእኔ አዝነው ከንፈራቸውን መጠጡ። እኔ አንገቴን ደፍቼ "አንድ ባለ ሁለት ክፍል የጥርስ ልጓም፣ ቀለሙ ሮዝ፣ ከነሳጥኑ" እያልኩ መዝገብ ላይ አሰፍራለሁ። ቀና ስል ሳጥኑ ባዶ ነው።

ልጓሜስ አልኩ። ጋሽ ሸምሱ ከበሩ በኩል ፈገግ ብሎ፣ እየታጠበልህ ነው አለኝ። ያ ሁሉ እጅ ሲነካካው አይቶ ተጸይፎልኝ ነው። ውጭ ከትናንቱ የአርባ ተዝካር የተመለሱት ኩባያዎች የሚታጠቡበት ትልቁ ድስት ይንተከተካል።

"በምን ነው የሚታጠበው?"

"በፈላ ውኃ ነዋ" አለኝ። "አፍ የሚገባ ነገር አይደል?"

ሮጥኩ። በጭልፋ ከኩባያዎቹ መሐል ስናወጣው ልጓሙ ተኮራምቷል፤ ላይኛው ታችኛውን ነክሶ አልላቀቅ ብሏል። ከቀዘቀዘ በኋላ ብሞክረው እንኳን የእኔን አፍ የማንንም አፍ አይገጥምም። ተናደድኩ። አንድ ነገር ልናገር ዞር ስል ጋሽ ሸምሱ ጭልፋውን እንደያዘ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። "አጥርቼ ልመልስልህ ብዬ ነው" አለኝ። ለዚህ ሰው ምን ይባላል? ዛሬ እሑድ መሆኑ ትዝ ያለኝ ያን ጊዜ ነው።

ማታ አስካለ ትራሷን ይዛ መጣች። እኔ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ቃለ ጉባኤ የማነብ መስያለሁ፤ ሐሳቤ እሷ እስክትተኛ ነቅቼ ለመቆየት፣ ከቻልኩም እስኪነጋ ነው። ልጓሙስ አለችኝ። መዋሸት ፈልጌ ነበር፤ እሷ ፊት ውሸቴ እንደማይቆም አውቃለሁና ሳጥኑን ከፍቼ አሳየኋት። የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። ሂጂ ከህሊና ጋር ተኚ፣ ዛሬ ድምፄ አያስተኛሽም አልኳት።

አልሄደችም። ትራሷን በቦታው አስቀምጣ አጠገቤ ተቀመጠች።

"ድምፅህ መቼ እንቅልፍ ነሥቶኝ ያውቃል?" አለች። "ስታንኮራፋ እኮ ነው እኔ የምተኛው። ስታንኮራፋ እንዳለህ አውቃለሁ። ዝም ስትል ነው የምነቃው። እጄን ደረትህ ላይ አድርጌ እጠብቃለሁ፤ ሲቆይብኝ እገፋሃለሁ፤ ትተነፍሳለህ፤ እተኛለሁ። ደግሞ ዝም ትላለህ።"

ከመቼ ጀምሮ አልኳት። ህሊና ትምህርት ቤት ከገባች ጀምሮ አለች። ህሊና ዛሬ ዲግሪዋን ይዛ ሥራ ላይ ናት።

"ያን ቀን ድንኳን ውስጥ ዝም ስትል እኔ ማዶ ነበርኩ። እጄ አልደረሰም። ካልሄድኩብህ አትታከምም ብዬ ነው የሄድኩት።"

ለምን አልነገርሽኝም ስላት፣ ብነግርህ ጎረቤት ነው ትለኝ ነበር አለች። እውነቷን ነው። እሺ ህሊና ክፍልስ፣ እዚያ እንኳ ተኝተሽ ነበር ወይ አልኳት። ግድግዳው ስስ ነው አለች።

ሚዛን ተደግፋ ስታንቀላፋ ያየኋት ከሰዓት በኋላ ሁሉ በዓይኔ መጣ። ሚስቴ እንቅልፍ ነው የምትሸጠው እያልኩ ሰው ያሳቅሁበት ሁሉ። የሸጠችው የራሷን ነበር፤ የወሰድኩት ደግሞ እኔ ነኝ። አፈርኩ። ያን ሌሊት የካልሲ ኳሴን ለብሼ በጎኔ ተኛሁ፤ እጇ ደረቴ ላይ አደረ።

በማግስቱ የጥርስ ሐኪሟ የተኮራመተውን ነገር በሁለት ጣቷ ይዛ እሱንም እኔንም ብዙ ጊዜ አየችን። ማነው የቀቀለው አለችኝ። እድሩ አልኳት። ሌላ አልጠየቀችኝም፤ ሊጡን ማቡካት ጀመረች። አዲሱ እስኪደርስ እድራችን አስቸኳይ ጉባኤ ጠርቶ፣ አፍ ውስጥ የሚገባ ነገር ከእንግዲህ የእድር ንብረት እንዳይሆን በሙሉ ድምፅ ወሰነ። የተቀቀለው ልጓም ግን አንዴ መዝገብ ላይ ስለሰፈረ ያለ ጠቅላላ ጉባኤ አይወገድም ተብሎ ዕቃ ቤት ገባ፤ እስከ ዛሬ ከመነጽሩ ጎን ተቀምጧል። ጋሽ ሸምሱም ሰው ሳያይ ክሊኒክ ሄዶ ደረቱን አሳስሮ አድሯል፤ ለማንም እንዳልናገር አስምሎኛል።

አዲሱ ልጓም ደረሰ፤ ብሎኑ በየሳምንቱ ዞረ፤ ክሊኒክም ሄጄ በድጋሚ ታስሬ አደርኩ። ሐኪሙ ወረቀቱን ሲዘረጋ አስካለ አብራኝ ነበረች። ዝርጉ መስመር የት እንደሄደ በጣቷ ፈልጋ ፈልጋ ጥቂት ብቻ ስታገኝ ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ከዚያ በኋላ በአንዱ ቅዳሜ ነው። ስነቃ ፀሐይ መስኮቱን አልፋለች። አስካለ ተኝታለች። እጇን ደረቴ ላይ ፈለግሁት፤ የለም። ጉንጯ ሥር ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት አብሬያት ኖሬ እንዲህ ተኝታ አይቻት አላውቅም። ውጭ የሱቁ መስኮት ይንኳኳል፤ ዳቦ የሚፈልግ አለ፣ በርበሬ የሚፈልግ አለ፣ ካርድ የሚፈልግ አለ። ልጓሜን አወለቅሁና በፒጃማዬ፣ ከነኳሴ፣ መንጋጋዬን አስቀድሜ ወጣሁ።

"ሱቁ ዝግ ነው" አልኩ። "አስካለ ተኝታለች።"

ሰዎቹ ፊቴን አይተው ወደ ኋላ ሸሹ። ጋሽ ሸምሱ ብቻ በአጥሩ ላይ ብቅ ብሎ፣ እስካሁን ድረስ፣ አሟት ነው ወይ አለኝ። አላመማትም፣ ተኝታለች አልኩት። በርጩማ አውጥቼ በሩ ላይ ተቀመጥኩ። የመጣው ሁሉ በሩቁ ያየኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይመለሳል።

አራት ሰዓት ሆነ። ጥርሶቼ ተገናኙ፤ ፊቴ ተመለሰ። አስካለ ግን ገና አልነቃችም፤ ከዳገቱ ሥር ደግሞ ሁለት ሴቶች ዘንቢል ይዘው ወደ ሱቁ ይመጣሉ። እኔም ከበርጩማው ተነሣሁና መንጋጋዬን በገዛ ፈቃዴ ወደፊት ገፋ አድርጌ ጠበቅኋቸው።